ክፈል ወይስ ልቀቅ? የጄረሚ ሊን ውልና የሂዩስተን ሦስት ፊቶች

መቼም የቅርጫት ኳስ ወዳጆች አንድ ቦታ ከተሰበሰብን ወሬው ያው ነው፤ ጆርዳን ይበልጣል ወይስ ሌብሮን? እሱን ለዛሬ እንተወውና ከሜዳ ውጪ ስለሚካሄድ ሌላ ግጥሚያ እናውራ። ይሄኛው ኳስ የለውም፣ ቅርጫትም የለውም። ስንቱን ክለብ ግን ላብ በላብ አድርጓል።

እንበልና የአንድ ክለብ ባለቤት ናችሁ። ውሉን የጨረሰ፣ ገና መፍካት የጀመረ ልጅ አላችሁ። ተቀናቃኛችሁ ይመጣና ልጁን በከፍተኛ ደሞዝ ያስፈርመዋል። ልጁ ግን ወዲያው አይሄድም። የፈረመበት ወረቀት እናንተ ጋ ይመጣል። ጥቂት ቀን ይሰጣችኋል። ያንኑ ደሞዝ በዚያው ውል ከከፈላችሁ የእናንተ ሆኖ ይቀራል፣ ካልከፈላችሁ ሻንጣውን ያነሳል። "ትንሽ ቀንሱልን" ብሎ መከራከር የለም። ክፈል ወይስ ልቀቅ ነው ነገሩ።

በጁላይ 2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ይህ ወረቀት የደረሰው ኒውዮርክ ኒክስ ነበር። ላኪው ሂዩስተን ሮኬትስ። በወረቀቱ ላይ ያለው ስም ጄረሚ ሊን።

ሊንን ለማታስታውሱት በአጭሩ እንንገራችሁ። ወላጆቹ ከታይዋን ወደ አሜሪካ የሄዱ፣ ካሊፎርኒያ ያደገ፣ ሃርቫርድ የተማረ ልጅ ነው። በ2010 ድራፍት ማንም አልመረጠውም። ጎልደን ስቴት ወሰደውና በዲሴምበር 2011 አሰናበተው። ሂዩስተን አነሳውና በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ እሱም አሰናበተው። (ይህችን ሂዩስተን የምትባል ከተማ ያዙልን፣ እንመለስባታለን።) ከገና በኋላ ኒክስ አነሳው። ነገም ልባረር እችላለሁ ብሎ ቤት እንኳ አልተከራየም። አንዴ ወንድሙ ሶፋ ላይ፣ አንዴ የቡድን ጓደኛው ላንድሪ ፊልድስ ሶፋ ላይ ያድር ነበር።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 4, 2012 መጣ። ኒክስ በተጫዋች ጉዳት ተመናምኖ ነበር፤ ሊን ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ኒው ጀርሲ ኔትስ ላይ 25 ነጥብ አስቆጠረ። ስድስት ቀን ቆይቶ የኮቤ ብራያንትን ሌከርስ ገጥሞ 38 አገባ። ቶሮንቶ ላይ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ሲቀር ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ ሰድዶ ጨዋታውን ገደለው። ኒክስ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ዓለም "ሊንሳኒቲ" እያለ አበደ። የልጁ ደሞዝ ያኔ በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር፤ በኤንቢኤ ሚዛን የሻይ ገንዘብ ማለት ነው። በማርች መጨረሻ ጉልበቱን ተጎዳና ኦፕራሲዮን ሆነ፤ የውድድር ዘመኑ በዚያው አለቀ። ውሉም እንዲሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ግን እስቲ ይህ "ክፈል ወይስ ልቀቅ" የሚባል ደንብ ከየት መጣ?

ድሮ ተጫዋች የክለቡ ንብረት ነበር ብንል ብዙ አላጋነንንም። ውሉ ቢያልቅም ሌላ ክለብ አይነካውም። በ1970 የተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ታላቁ ኦስካር ሮበርትሰን ይህን ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ክሱ በስምምነት የተዘጋው በ1976 ነው። ከስምምነቱ ከወጡት ነገሮች አንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የቅድሚያ መብት ነበር፤ ተጫዋቹ ከሌላ ክለብ ጋር ይፈራረማል፣ የቀድሞው ክለብ ግን እኩል ከፍሎ የማስቀረት መብት አለው። ልብ በሉ፣ ተጫዋቹ ዋጋው ስንት እንደሆነ የማወቅ ነጻነት አገኘ። የት እንደሚኖር የመምረጥ ነጻነት ግን አሁንም በሌላ ሰው እጅ ነው።

ደንቡ ገና ትኩስ እያለ የመጀመሪያውን ትልቅ ዱላ የቀመሰው ማን ይመስላችኋል? ሂዩስተን! በ1982 የሊጉ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ሞሰስ ማሎን የሂዩስተን ተጫዋች ነበር። ፊላደልፊያ ሴቨንቲሲክሰርስ በስድስት ዓመት 13.2 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት። ዛሬ ተራ ተጫዋች በአንድ ዓመት የሚያገኘው ገንዘብ ነው፤ ያኔ ግን ጆሮ የሚያስይዝ ነበር። ሂዩስተን "እከፍላለሁ" አለ፤ መብቱን ተጠቀመ። ከዚያ ግን ሰውየውን አላስቀረውም፤ ኮልድዌል ጆንስንና አንድ የመጀመሪያ ዙር ድራፍት ተቀብሎ ለዚያው ለፊላደልፊያ አሳልፎ ሰጠው። ቀጥሎ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ1983 ፊላደልፊያ ሌከርስን በፍጻሜ 4 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ፣ ማሎን እንደገና የዓመቱ ኮከብ ሆነ። ሂዩስተን 14 አሸንፎ 68 ተሸነፈ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሐሳብ የሚጀምረው። ሂዩስተን ማሎንን ያጣው ማሎን ያን ያህል አያወጣም ብሎ አልነበረም፤ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ነበርና። ቤቱ ውስጥ ያን ደሞዝ ተሸክሞ የሚያቆም አቅምና ዕቅድ አልነበረም። ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲከራከሩበት ሁልጊዜ "ልጁ ያወጣል ወይስ አያወጣም?" ይላሉ። መልሱ ግን ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ከመድረሱ በፊት፣ ክለቡ ድሮ በፈረማቸው ሌሎች ውሎች ላይ ተጽፎ አድሯል።

በ2003 ደግሞ ጎልደን ስቴት ጊልበርት አሬናስን አጣ። የሁለተኛ ዙር ምርጫ የነበረ ልጅ ነው፤ ዋሽንግተን ትልቅ ገንዘብ ሲያቀርብለት ጎልደን ስቴት በደሞዝ ጣሪያው ምክንያት እኩል መክፈል በሕግ አይችልም ነበር። ስለዚህ በ2005ቱ ስምምነት በእሱ ስም የሚጠራ ደንብ ወጣ። ለእንዲህ ያለ ወጣት የሚቀርበው የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓመት ደሞዝ ዝቅ እንዲል ተገደደ፣ ክለቡ ልጁን ማስቀረት እንዲችል። ሦስተኛው ዓመት ግን ሊዘል ይችላል። ሕግ አውጪዎቹ አንድ ቀዳዳ ደፍነው ሌላ ከፈቱ፤ የቀዳዳውን ስፋት በደንብ የለካው ደግሞ ሂዩስተን ነው።

የሊን ወረቀት እንዲህ ይላል፦ አንደኛ ዓመት 5 ሚሊዮን፣ ሁለተኛ ዓመት 5.225 ሚሊዮን፣ ሦስተኛ ዓመት 14.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ድምሩ 25.1 ሚሊዮን። ተንኮሉ ያለው እዚህ ነው። ሊን ሂዩስተን ከሄደ፣ በሂዩስተን የደሞዝ ጣሪያ ላይ በየዓመቱ የሚቆጠረው አማካዩ ነው፤ 8.4 ሚሊዮን ገደማ። ኒክስ ካስቀረው ግን የሚቆጠረው እውነተኛው ቁጥር ነው፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ያ 14.9 እንዳለ ይወድቅበታል። አንድ ወረቀት ለላኪው ማር፣ ለተቀባዩ መርዝ።

ጋዜጠኝነት ስንማር የያዝነው አንድ ነገር ቢኖር ርዕስ ላይ የተጻፈን ቁጥር ዝም ብሎ አለማመን ነው። ስለዚህ አብረን እናስላው። ያኔ አዲስ በነበረው የቅንጦት ታክስ መሠረት ክለቡ ከወሰን በላይ ለሚከፍለው የመጀመሪያ 5 ሚሊዮን በየዶላሩ 1.50፣ ለቀጣዩ 5 ሚሊዮን 1.75፣ ለሦስተኛው 2.50 ይቀጣ ነበር። የኒክስ ሌሎች ደሞዞች ልክ ወሰኑ ላይ ቢሆኑ እንኳ የሊን 14.9 ሚሊዮን ብቻውን 28.5 ሚሊዮን ዶላር ታክስ ይጠራ ነበር። ደሞዝና ታክስ ሲደመር ከ43 ሚሊዮን በላይ። ለአንድ ዓመት! 25 ጨዋታ ብቻ ተሰልፎ ለጀመረ ልጅ!

ታዲያ ኒክስን ወሰኑ ላይ ያደረሰው ማን ነው? ሊን አይደለም። ካርሜሎ አንተኒ፣ አማሬ ስታውደማየርና ታይሰን ቻንድለር ለ2014-15 ብቻ በድምሩ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጽፎላቸው ነበር። ስታውደማየር በ2010 የፈረመው ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ውል ሲሆን ጉልበቱን የመድን ድርጅት እንኳ አልቀበልም ብሎ ነበር። ሊጉ በ2011 እያንዳንዱ ክለብ አንድ ከባድ ውል ከታክስ ሂሳብ እንዲሰርዝ ዕድል ሰጥቶ ነበር፤ ኒክስ ያቺን ዕድል ቻውንሲ ቢለፕስን ለመሸኘት አጠፋት። ትላልቆቹ ሲበሉ ሂሳቡ ትንሹ ጋ ደረሰ ማለት ነው።

ሌላም የሚያናድድ ነገር አለ። ኒክስ ሊንን ከጣሪያ በላይ ሆኖም ማስቀረት እንዲችል የተጫዋቾች ማኅበር ሊጉን ከሶ በጁን 2012 ገላጋይ ዳኛው ለተጫዋቾቹ ፈርዶላቸው ነበር። አሰልጣኙ ማይክ ዉድሰንም ልጁ እንደሚመለስ በአደባባይ ተናግሯል። ሂዩስተን መጀመሪያ ቀለል ያለ ሦስተኛ ዓመት ነበር ያሰበው፤ ኒክስ "እንከፍላለን" ማለቱን ሲሰማ ነው ቁጥሩን ወደ 14.9 የሰቀለው። አንተኒ በበኩሉ ውሉን መሳቂያ ነው አለ። ጁላይ 17 ሌሊት ሰዓቱ አለፈ፣ ኒክስ አልከፈለም። ሬይመንድ ፌልተንን ቀድሞ አምጥቶ ነበር። ሶፋውን ያበደረው ላንድሪ ፊልድስም በዚያው ሰሞን በተመሳሳይ መርዝ ወደ ቶሮንቶ ሄደ፤ ባለ ሶፋውም ባለ ዕዳውም በአንድ ወር ከኒውዮርክ ወጡ።

ትክክል ነበር? ሐቁን እንናገር፤ በአንድ ዓመት ዓይን ካየነው ኒክስ ተሳክቶለታል። በ2012-13 ኒክስ 54 ጨዋታ አሸነፈ፣ ከ2000 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሌይኦፍ ዙር አለፈ። ሊን ሂዩስተን ሄዶ 82ቱንም ጨዋታ ተሰለፈ፤ አማካዩ 13.4 ነጥብ ነበር። ጥሩ ነው፣ ግን ፌብሩዋሪ አይደለም። በቀጣዩ ዓመት ቦታውን ለፓትሪክ ቤቨርሊ ለቀቀ።

እኛ ግን መክፈል ነበረበት እንላለን። መርዙ የሚሠራው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ እስከዚያ ሁለት ዓመት ርካሽ ተጫዋችና ማርከሻ መፈለጊያ ጊዜ ነበረው። የማርከሻውን ዋጋ ደግሞ ሂዩስተን ራሱ በጁላይ 2014 አሳየን፤ ሊንን ከአንድ የመጀመሪያ ዙር ድራፍት ጋር ለሌከርስ ሰጥቶ ከውሉ ወጣ። ኒክስስ? በ2013 አንድሪያ ባርኛኒን ለማምጣት የ2016 የመጀመሪያ ዙር ድራፍቱን ከፈለ። ባርኛኒ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚከፈለው ተጫዋች ነበር። ከሊን ሸሽቶ ያተረፈውን ድራፍትም ገንዘብም እዚያ አፈሰሰው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏችኋል ይሄ ነው።

ሂዩስተን ሊንን የለቀቀው ክሪስ ቦሽን ለማስፈረም ቦታ ፍለጋ ነበር፤ ቦሽ ማያሚ ቀረ። በዚያው ሳምንት ዳላስ ለቻንድለር ፓርሰንስ የሦስት ዓመት 46 ሚሊዮን ወረቀት ላከ። አሁን ሂዩስተን ተቀባይ ሆነ። ወረቀቱን አገላብጦ አየና ለቀቀው። በ1982 ከፍሎ ያጣ፣ በ2012 መርዝ የላከ፣ በ2014 መርዝ የተላከበት ክለብ፣ ያው አንዱ ሂዩስተን ነው። ፓርሰንስ ኋላ ጉልበቱ ስላሰቃየው ብዙዎች "ጎበዝ ናቸው፣ አውቀው ነው" አሉ። እኛ ግን ማንም ጉልበቱን ተንብዮ አልነበረም እንላለን።

ያ ሁሉ የተፈራው 2014-15 ደረሰ። ቻንድለርና ፌልተን ከኒክስ ሄደዋል፣ ስታውደማየር ዓመቱ ሳያልቅ በስምምነት ተሰናበተ። ኒክስ 17 አሸንፎ 65 ተሸነፈ፤ በክለቡ ታሪክ ከዚያ የከፋ ዓመት የለም። የሊንን 14.9 ሚሊዮን የከፈለው ሌከርስ ነው፤ እሱም 21 አሸንፎ 61 ተሸነፈ። ሊን ራሱ ያን በጋ ምርጫው ኒውዮርክ እንደነበር ለመጽሔት ተናግሯል። በዲሴምበር 17, 2012 በሂዩስተን ማሊያ ወደ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ተመልሶ 22 ነጥብ አገባ፤ ሂዩስተን 109 ለ 96 አሸነፈ። ስሙ ሲጠራ የኒውዮርክ ተመልካች አጨበጨበለት።