ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ብግነትና እርጅና

በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ሥራ ፈት አይደለም። ማክሮፌጅ የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ይሰፍሩበታል፤ ኢንተርሉኪን-6ን የመሰሉ ንጥረ ነገሮችም ወደ ደም ይለቃሉ። ይህ ስውር፣ የማያባራ የሰውነት መቆጣት (ብግነት) የደም ሥርን ይጎዳል፤ የኢንሱሊንንም ኃይል ያዳክማል። ሥር የሰደደ ብግነትን ከእርጅና ጋር አያይዘው እ.ኤ.አ. በ2000 ስም ያወጡለት ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ ናቸው።

ለእንዲህ ያለ ውፍረት የሚዳርግ የአኗኗር ለውጥ በእኛም አገር ይታያል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የእርሻ መሬታቸው ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት ውሏል። በሱሉልታ ደጋ ሯጮች ይለማመዳሉ፤ ብዙው ነዋሪ ግን ኑሮው ከሞፈርና ከእግር መንገድ ወደ ወንበርና ታክሲ ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 8 በመቶው ከመጠን በላይ ክብደት ነበራቸው፤ በአዲስ አበባ ድርሻው እጅግ ይበልጣል።

ጨጓራን የሚያጠብ ወይም የምግብን መንገድ የሚያሳጥር ቀዶ ሕክምና ክብደትን ብቻ ሳይሆን የብግነት ምልክቶችንም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ የስዊድን ጥናት ቀዶ ሕክምናው የተደረገላቸው ካልተደረገላቸው 3 ዓመት ያህል የሚበልጥ ዕድሜ ነበራቸው። ለእኛ አገር ጿሚ ግን አንድ ጉዳይ በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቫይታሚን ቢ12 በሚገባ አይመጠጥም፤ የጾም ምግብ ደግሞ ይህ ቫይታሚን የለውም። ስለዚህ የዕድሜ ልክ ተጨማሪ ቫይታሚንና የደም ምርመራ ግድ ነው።