የታጠፈው ቱቦ

እህቶቼ፣ ክፍሌ አጠገብ ያለችው ሽንት ቤት የተበላሸ እንቁላል የተበላሸ እንቁላል ትሸት ነበር። ማዳም «አላጠብሽውም!» ትለኛለች፤ እኔም በበረኪና ስፈገፍግ እውላለሁ። ጥፋቱ ግን የእኔ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1700 ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ አሳተመ። መነሻው ሞዴና ከተማ የቤቱን ሽንት ቤት ጉድጓድ ሲጠርግ ያየው ሰው ነው። «ለምን እንዲህ ትቸኩላለህ?» አለው። ሰውየው ብዙ ከቆየ ዓይኑ እንደሚጠፋ ነገረው። ሐኪሙም አመነው።

በ1775 ደግሞ አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ቱቦው ለታጠፈ ሽንት ቤት የፈጠራ መብት አገኘ። እጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ውኃ ከፍሳሹ የሚመጣውን ጋዝ ያግዳል።

የእኛ ቤት የወለሉ መውረጃ ውኃው ደርቆ ኖሯል። አንድ ባልዲ ውኃ ብደፋበት ተሻለው። ካልተሻለው ቧንቧ ሠሪ ይጠራ። ሽታው ሳይጠገን በድንገት ቢጠፋባችሁ ግን አትመኑት፤ ይህ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ቶሎ ውጡ።

«ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ» ማለት ስንፍና አይደለም። ያ ጠራጊም የተናገረው ይህንኑ ነው።