የተማሪ ድጎማና የፍርድ ቤት ማስረጃ፤ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተማሪዎች የትምህርት ዕድል ታሪክ

መግቢያ

ስለ ትምህርት ዕድል በተነሣ ቁጥር ተማሪዎች እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው «ማን ይሰጣል? ስንትስ ይሰጣል?» እያልን ነው። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ የእኛም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ በሌሎች እጅ የተከፈለ ስለ ሆነ የጥያቄውን ክብደት እናውቀዋለን። ነገር ግን ለተማሪ የሚሰጥ ገንዘብ ታሪክ በዚህ ብቻ አያበቃም። ተማሪው ገንዘቡን ተቀብሎ ምን መረመረ? ያገኘውስ ውጤት ለማን ጠቀመ? ዕድሉ ያልደረሰው ሰው ሊጠይቀው ይችል የነበረው ጥያቄስ የት ቀረ? እነዚህ ጥያቄዎች ከፊተኞቹ ይልቅ የከበዱ ናቸው።

ይህን ለመመርመር የመረጥነው ምሳሌ በአሜሪካ ሥነ ልቡናን ያጠኑ የጥቁር ተማሪዎች ታሪክ ነው። የመረጥነውም ጥቂት የተማሪ ድጎማ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደበትን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው ለመከተል ስለሚቻል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ሐሳባችንንም ከወዲሁ ባጭሩ እንናገራለን፤ የትምህርት ድጎማ መልስን አይገዛም፤ ጥያቄውን የሚጠይቀው ማን እንደሚሆን ግን ይወስናል።

1. የመጀመሪያው ዶክተር

ፍራንሲስ ሰምነር በ1895 ዓ.ም. በአርካንሶ ክፍለ አገር በፓይን ብላፍ ከተማ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ለጥቁር ልጆች የሚበቃ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ አብዛኛውን ትምህርታቸውን ያገኙት በቤት ውስጥ ከወላጆቻቸውና ከራሳቸው ንባብ ነው። በ1911 ዓ.ም. ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ በፈተና ብቻ ወደ ሊንከን ዩኒቨርስቲ ገቡ፤ በ1915 ዓ.ም.ም በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሱ።

ከዚህ በኋላ በማሳቹሴትስ የሚገኘውን የክላርክ ዩኒቨርስቲን ፕሬዚደንት ስታንሊ ሆልን በደብዳቤ ጠየቁ። ሆል በአሜሪካ የሥነ ልቡና ትምህርት ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ሰምነርን ተቀብለው በ1917 ዓ.ም. ድጋፍ የሚሰጠው ተመራማሪ ተማሪ እንዲሆኑ ረዷቸው። በሚከተለው ዓመት ሰምነር ለጦርነት ተጠርተው ወደ ፈረንሳይ ዘመቱ። ሲመለሱም ስለ ፍሮይድና ስለ አድለር ትምህርት የጻፉትን ድርሰት አቅርበው በጁን 14 ቀን 1920 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በሥነ ልቡና ይህን ማዕረግ በማግኘት ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ይህ ዕድል ደንብና ሥርዓት የነበረው አልነበረም፤ በአንድ ሽማግሌ ፕሬዚደንት በጎ ፈቃድ የተሰጠ ነበር። በአንድ ሰው ፈቃድ የተከፈተ በር ሰውየው ሲሄድ መልሶ ይዘጋል። ሰምነር ራሳቸው ከዚያ በኋላ ለምርምር የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ብዙ ተቸግረዋል። ስለዚህ ትልቁ ሥራቸው ተማሪዎችን ማፍራት ሆነ፤ በዋሽንግተን በሚገኘው በሐዋርድ ዩኒቨርስቲ የሥነ ልቡናን ክፍል እስከ ዕለተ ሞታቸው መርተዋል።

2. የባለጸጎች ገንዘብ

ሁለተኛው ምዕራፍ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዘመን ነው። ከእነዚህም አንዱ ጆን ሮክፌለር በ1902 ዓ.ም. ያቋቋመው የጠቅላላ ትምህርት ቦርድ ነበር። ኢኔዝ ፕሮሰር የተባሉ የቴክሳስ ተወላጅ መምህርት፣ ከደመወዛቸው የታናናሾቻቸውን ትምህርት እየረዱ ለብዙ ዓመት ካስተማሩ በኋላ፣ በዚህ ቦርድ እርዳታ ወደ ሲንሲናቲ ዩኒቨርስቲ ገብተው በ1933 ዓ.ም. በትምህርት ሥነ ልቡና ዶክተር ሆኑ። የመረመሩትም ለጥቁር ልጆች ብቻ በተለየ ትምህርት ቤት የሚማሩትንና ከነጮች ጋር የሚማሩትን ጥቁር ልጆች ጠባይና የመንፈስ ሁኔታ ነበር። ለብቻቸው የተማሩት ልጆች በአንዳንድ ነገር የተሻለ የመንፈስ እርጋታ እንዳላቸው ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት በ1934 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ስለ ሞቱ ሥራቸው ተቋረጠ።

ሁለተኛው ድርጅት ጁልየስ ሮዘንዋልድ የተባሉት የቺካጎ ነጋዴ በ1917 ዓ.ም. ያቋቋሙት ነው። ይህ ድርጅት በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ለጥቁር ልጆች ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ አግዟል። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮም ለሊቃውንትና ለኪነ ጥበብ ሰዎች የግል ድጎማ መስጠት ጀመረ፤ ራልፍ በንችና ዘፋኝዋ ማሪያን አንደርሰን ከተቀባዮቹ ናቸው። መሥራቹ ገንዘባቸው ለዘላለም እንዲከማች አልፈለጉም፤ ከሞታቸው በኋላ በ25 ዓመት ውስጥ ወጥቶ እንዲያልቅ አዘዙ። ድርጅቱም በ1948 ዓ.ም. ሥራውን ፈጽሞ ተዘጋ።

3. ማሚ ፊፕስ

ማሚ ፊፕስ በ1917 ዓ.ም. በአርካንሶ በሆት ስፕሪንግስ ከተማ ከአንድ ሐኪም ቤት ተወለዱ። በ1934 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ ፊስክና ሐዋርድ ዩኒቨርስቲዎች ሁለቱም የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጧቸው፤ እርሳቸውም ሐዋርድን መረጡ። የገቡት ሒሳብ ለመማር ነበር። ነገር ግን የሰምነር ተማሪ የነበረው ኬኔት ክላርክ ወደ ሥነ ልቡና እንዲዞሩ መከራቸው። ኬኔትም ራሱ ወደ ሐዋርድ የመጣው ሕክምና ለመማር ሲሆን ሐሳቡን ያስለወጡት ሰምነር ናቸው። ሁለቱ በ1937 ዓ.ም. ተጋቡ።

ማሚ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እንዳገኙ ክረምቱን በሂውስተን ቤተ ሰብ የጥብቅና ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ሠሩ። በዚያ ቤት ዘርን ለይቶ ማስተማርን የሚቃወሙ ክርክሮች ይሰናዱ ነበርና ነገሩ ከልባቸው ገባ። ለሁለተኛ ዲግሪያቸው የመረመሩት ትንንሽ ጥቁር ልጆች ስለ ራሳቸው ማንነት መቼና እንዴት እንደሚያውቁ ነበር። በ1939 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ ይህን ምርምር ለማስፋት ለሮዘንዋልድ ድርጅት አመለከቱ። ድጎማው ተፈቀደ፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ ታደሰ። ማሚ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ ለዶክተርነት የተማሩት በዚህ ጊዜ ነው፤ በ1940 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልደው ትምህርታቸውን አላቋረጡም። በ1943 ዓ.ም. ዶክተር ሆኑ።

ዲግሪው ግን ሥራ አላስገኘላቸውም። ጥቁርም ሴትም በመሆናቸው ለማዕረጋቸው የሚገባ ቦታ አጡ። በመጨረሻ በ1946 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ ከማሚ አባት በተበደሩት 946 ዶላር በሐርለም ለልጆች የአእምሮና የጠባይ እርዳታ የሚሰጥ ማዕከል ከፈቱ። እንግዲህ ድጎማ ለመማር በር ቢከፍትም ከትምህርት በኋላ ያለውን በር እንደማይከፍት ከዚህ እንረዳለን።

4. አሻንጉሊቶቹና ፍርድ ቤቱ

በሮዘንዋልድ ገንዘብ የተሠራው ምርምር ዘዴው ቀላል ነበር። ከቀለማቸው በቀር በምንም የማይለያዩ አራት አሻንጉሊቶች፣ ሁለት ነጭ ሁለት ቡናማ፣ ለልጁ ይቀርባሉ። ከዚያም «ልትጫወትበት የምትወደውን ስጠኝ፤ መጥፎ የሚመስለውን ስጠኝ፤ አንተን የሚመስለውን ስጠኝ» እየተባለ ይጠየቃል። የተመረመሩት ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆናቸው 253 ጥቁር ልጆች ነበሩ፤ 134ቱ ትምህርት ቤት በዘር ከተለየበት ከአርካንሶ፣ 119ኙ አብረው ከሚማሩበት ከማሳቹሴትስ። ከአርካንሶ ከተሞችም የማሚ የትውልድ ከተማ ሆት ስፕሪንግስና የሰምነር የትውልድ ከተማ ፓይን ብላፍ ይገኙባቸዋል።

በ1947 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት ከመቶው 67ቱ ልጆች ለመጫወት ነጩን አሻንጉሊት መረጡ፤ 59ኙም መጥፎ የሚመስለው ቡናማው ነው አሉ። ከዚያ በኋላ «አንተን የሚመስለው የትኛው ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ልጆቹ የሚሰማቸውን ጭንቀት ማሰብ አያዳግትም።

ማስረጃው በ1951 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በተደረጉት ክርክሮች ቀረበ። በ1952 ዓ.ም. በቨርጂኒያ በተሰማው ክርክር ላይ ዘርን ለይቶ ማስተማርን ደግፈው የመሰከሩት ሄንሪ ጋሬት ነበሩ። እኒህ ሰው በኮሎምቢያ ማሚን ለዶክተርነት ያበቁ መምህር ናቸው። የጋሬትን ቃል ለማስተባበል ከተጠሩት አንዷ ማሚ ክላርክ ሆኑ። በአገራችን የበላበትን ወጪት የሚሰብር ሰው ይነቀፋል። ማሚ ወጪት ሰባሪ ነበሩን? እኛ አልነበሩም እንላለን። ጋሬት የሚታወቁት በመለኪያና በስታትስቲክስ መምህርነታቸው ነው፤ ተማሪ ከመምህሩ የሚወርሰው የአሠራሩን ዘዴ እንጂ ወገኑን አይደለምና በዚያው ዘዴ ወደ ሌላ መደምደሚያ ቢደርስ ውለታውን በትክክል ከፈለ እንጂ አልካደም።

በሜይ 17 ቀን 1954 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ዘርን መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ነው ብለው ፈረዱ። በ11ኛው የግርጌ ማስታወሻ ላይ በመጀመሪያ የተጠቀሰው ኬኔት ክላርክ በ1950 ዓ.ም. ያዘጋጀው ጽሑፍ ነው። የማሚ ስም ግን በዚያ የለም። ሰምነርም ይህን ቀን አላዩም፤ ከአራት ወር በፊት በጃንዋሪ አርፈው ነበር።

ለእውነት ስንል የተቃዋሚዎችን ሐሳብም መናገር አለብን። በምርመራው ለመጫወት ነጩን የመረጡት በአርካንሶ ከመቶ 62 ሲሆኑ አብረው በሚማሩበት በማሳቹሴትስ 72 ናቸው። ስለዚህ አሻንጉሊቶቹ ብቻቸውን ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ መለየት ብቻ መሆኑን አያስረዱም፤ ይልቁንም የኅብረተሰቡ ንቀት ልጅን በሄደበት ሁሉ እንደሚከተለው ያሳያሉ። የኢኔዝ ፕሮሰርን ውጤት ከዚህ አጠገብ ብናኖረው፣ ሁለት ጥቁር ሴቶች በባለጸጎች ገንዘብ ተምረው ወደ ተለያየ ሐሳብ እንደ ደረሱ እናያለን። ድጎማ መልስን አይገዛም ያልነው ስለዚህ ነው።

5. የመንግሥት ገንዘብ

ሦስተኛው ምዕራፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይጀምራል። በጁን 22 ቀን 1944 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ለዘማቾች የትምህርት ወጪ እንዲከፈል አዘዘ፤ 2.2 ሚሊዮን ያህል ዘማቾችም ኮሌጅ ገቡ። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ከተኙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአእምሮና የነርቭ በሽተኞች ስለ ነበሩ፣ መሥሪያ ቤቱ 200 ለሚያህሉ የሥነ ልቡና ተማሪዎች ደመወዝ እየከፈለ በ22 ዩኒቨርስቲዎች ማሠልጠን ጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣው የአእምሮ ጤና ሕግም ለሠልጣኞች ገንዘብ መደበ። የሥነ ልቡና ሕክምና ሙያ በአሜሪካ የተስፋፋው በዚህ ነው።

ነገር ግን ገንዘቡ የሚያልፈው በዩኒቨርስቲዎቹ በር ነበር፤ በሩም ለሁሉ እኩል አልተከፈተም። ከ1920 እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ አሥሩ ስመ ጥር የሥነ ልቡና ክፍሎች ከ3,700 በላይ ዶክተሮችን ሲያስመርቁ ከእነዚህ ጥቁሮቹ 8 ብቻ ነበሩ።

ይህን ለማስተካከል የተነሡት ባለሙያዎችና ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው። በ1968 ዓ.ም. የጥቁር ሥነ ልቡና ሊቃውንት ማኅበር ተቋቋመ። በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር በዋሽንግተን ሲሰበሰብ ጥቁር ተማሪዎች ወደ መድረኩ ወጥተው ተጨማሪ ተማሪዎች እንዲመለመሉና ድጎማ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። በ1971 ዓ.ም. ኬኔት ክላርክ የዚሁ ማኅበር የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚደንት ሆነ። በ1974 ዓ.ም.ም በመንግሥት የአእምሮ ጤና ተቋም ገንዘብ ለአናሳ ወገን ተማሪዎች የሚሰጥ ቋሚ የድጎማ ፕሮግራም ተጀመረ። በ1917 በአንድ ፕሬዚደንት በጎ ፈቃድ የተሰጠው ነገር ከ57 ዓመት በኋላ ሥርዓት ሆነ ማለት ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ድጎማ በሰው ፈቃድ ብቻ ሲሰጥ ስጦታ ነው፤ በደንብ ሲሰጥ ግን ተማሪው ሊጠይቀው የሚችል ነገር ይሆናል። ሁለተኛ፣ የገንዘቡ ብዛት ብቻውን ፍሬ አያፈራም፤ የሮዘንዋልድ ጥቂት ድጎማ ፍርድ ቤት ሲደርስ ብዙው የመንግሥት ገንዘብ ግን ለረጅም ጊዜ ብዙዎችን በደጅ ትቷል። ሦስተኛ፣ ማሚ ፊፕስ ያን ጥያቄ የጠየቁት በአርካንሶ ልጅ ሆነው ያዩትን ይዘው ስለ ሄዱ ነው፤ እርሳቸው ባይማሩ ኖሮ ለእነዚያ ልጆች አሻንጉሊቶቹን ማን እንዳቀረበላቸው አናውቅም።

እኛም በሌሎች ገንዘብ የምንማር ሁሉ ውለታውን የምንከፍልበት መንገድ ከዚህ የተለየ አይመስለንም፤ ከመጣንበት መንደር ያየነውን ጥያቄ ሳንረሳ ይዘን መምጣት፣ መልሱንም ማንንም ሳናፍር በትክክል መመርመር ነው።