ፊደላችንና የመጻፊያ መሣሪያዎቹ

የግእዝ ፊደል በቁም ጸሐፊ ብርዕና ቀለም በብራና ላይ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ፥ በማተሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1513 ዓ.ም. በሮም ከተማ ሲሆን፥ መጽሐፉም ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በዚያው ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተምሮ ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። በአገራችንም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት መጻሕፍትንና ጋዜጣን ለሕዝብ ሲያዳርስ፥ ለየፊደሉ የራሱ እርሳስ ይቀረጽለት ስለ ነበረ፥ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ሥርዐት ሳይጓደል ቆየ።

ፈተናው የመጣው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። ዲቃሎቹን ሳይጨምር 231 የሆነው ፊደል ለጥቂት የላቲን ፊደላት በተሠራ ገበታ ላይ ሊሰፍር ስላልቻለ፥ ጸሐፊው አስቀድሞ ዋናውን ፊደል፥ ቀጥሎም የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥያ ለብቻው እየመታ ማጋጠም ግድ ሆነበት፤ ስለዚህም እግሩ ከአካሉ የተለየ፥ ቀለበቱ ከስፍራው የራቀ ፊደል በየደብዳቤው ይታይ ነበር። ከሊቃውንቱም አንዳንዶቹ ፊደሉ ይቀነስ ሲሉ፥ ሌሎቹ መሣሪያው ለፊደሉ ይታዘዝ እንጂ ፊደሉ ለመሣሪያው አይቈረጥ እያሉ ተሟገቱ።

ኮምፒዩተር ለፊደሉ ሙሉ መልኩን መለሰለት፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደላቱ የየራሱን ቍጥር ስለ ሰጠ፥ በአንዱ መሥሪያ ቤት የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ለዚህ የባቢሎን መደባለቅ መፍትሔ የተገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም.፥ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዐት በሦስተኛው እትሙ 345 የፊደል፥ የአኃዝና የነጥብ ምልክቶቻችንን ተቀብሎ ለየአንዳንዳቸው የማይለወጥ ቍጥር በሰጠ ጊዜ ነው።

ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ የ«ም» ቁልፍ ሲነካ ሳድሱ ይወጣል፥ አናባቢው ሲከተለውም «መ» ወይም «ማ» ይሆናል፤ በዋሽንግተን የሚኖር ልጅ ቀድሞ በላቲን ፊደል ያጣምመው የነበረውን ሰላምታ ለእናቱ በገዛ ፊደሏ ይልክላታል፥ የቅኔ ተማሪውም አራት ነጥቡን ሳያጓድል ይጽፋል። ይህ ሁሉ ጥቅም የተገኘው የፊደሉን ሥርዐት የሚያውቁና የመሣሪያውን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች ተግባብተው ስለ ሠሩ ነው። ስለዚህ በአሮጌው ቍጥር የተጻፉት የየመሥሪያ ቤቱ መዛግብትና የደራስያን ድርሰቶች የሚያነባቸው መሣሪያ ጨርሶ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ እንዲመለሱ፥ መዝገብ ጠባቂውና መሐንዲሱ ዛሬውኑ ተባብረው ሊነሡ ይገባል።