ዶሮ በሆዷ የተሸከመችው ወፍጮ

የዶሮ ብልት ሲወጣ ቀረብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዷ ጠንካራ ሥጋ ስትሰነጠቅ ከውስጧ ጠጠር ይወጣል። ዶሮዋ ተሳስታ የዋጠችው እንዳይመስላችሁ፤ ጥርስ ስለሌላት ፈልጋ የለቀመችው ነው።

የዋጠችው እህል አንገቷ ሥር ባለው ከረጢት ይጠራቀማል። ከዚያ አሲድ በሚያመነጨው ጨጓራ አልፎ ጡንቻማው ጨጓራ ውስጥ ይገባል። እዚህ ጡንቻው እንደ ክንድ፣ ጠጠሩ እንደ መጅ ሆነው እህሉን ያደቁታል። ጠጠሩ አልቆ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ትለቅማለች።

ይህ ወፍጮ የሳይንስ ሊቃውንትን ብዙ አከራክሯል። ፈረንሳዊው ሬኦሙር እ.ኤ.አ. በ1752 ባቀረበው ጥናት፣ ለቱርክ ዶሮ ያዋጣቸው የቆርቆሮ ቱቦዎች ተጨፍልቀው መገኘታቸውን ጻፈ። ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ ደግሞ በ1780 ባሳተመው ሥራ፣ ጡንቻው ያለ ጠጠርም ይፈጫል ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም እውነት አላቸው፦ ኃይሉ የጡንቻው ነው፤ ጠጠሩ ግን ሥራውን ያቀላጥፈዋል፣ በተለይ እህሉ ያልተፈጨ ከሆነ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ትግራይ ውስጥ መዝብር በተባለ ጥንታዊ ስፍራ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ከዚያ ወዲህ የአበሻ ዶሮ በአብዛኛው መሬት እየጫረች ነው የኖረችው፤ ጠጠሩንም ራሷ ታገኘዋለች።

አሁን ግን ቦሌን፣ ገርጂን፣ ሰሚትን ተመልከቱ። ትናንት እርሻ የነበረው መሬት ዛሬ አስፋልት፣ ኮብልስቶንና ሴራሚክ ለብሷል። ዶሮዋም ሽቦ ቤት ውስጥ ናት። ባዶ መሬት ብታገኝ እንኳ፣ የዚህ አካባቢ አፈር በብዛት ጥቁር ዋልካ ነው። እኛ መሐንዲሶች ሸክላ የምንለው ብናኝ ከ0.002 ሚሊሜትር ያንሳል፤ ለትልቅ ዶሮ የሚስማማው ጠጠር ግን ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ! በዋልካ ማን ይፈጫል?

ስለዚህ መሬቱ ይሰጣት የነበረውን እኛ መስጠት አለብን። ያለዚያ ከገበያ በውድ የገዛችሁት ስንዴና በቆሎ በደንብ ሳይደቅ ይወጣል፤ ገንዘባችሁም አብሮ።

ዘዴው ቀላል ነው። የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ በወንፊት ነፍታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ከመኖው ለይታችሁ በትንሽ ዕቃ አስቀምጡላት፤ የሚበቃትን ራሷ ትወስዳለች። ለጫጩት ከሆነ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ይበቃል። የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ ብርጭቆና ምስማር እንዳይቀላቀል ተጠንቀቁ። የእንቁላል ቅርፊትም ጠጠርን አይተካም፤ ካልሲየም ይሰጣታል እንጂ አሲዱ ስለሚያሟሟው አይፈጭላትም።

የምትመግቧት የተፈጨ የፋብሪካ መኖ ብቻ ከሆነስ? ያኔ አትጨነቁ፤ እህሉን ወፍጮ ቤቱ ቀድሞ ፈጭቶላታል።