ውኃ ቀለም የለውም

ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ ከጫጫ ከተማ ብዙም አትርቅም። ጫጫ ዛሬ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዝ መንገደኛ ብርዷን ቀምሶ ያልፋታል። እኒያ የአንጎለላ ተወላጅ ጣሊያንን አድዋ ላይ ድል በነሱበት በ1896 (እ.ኤ.አ.) በሩቅ አገር ሁለት ሕፃናት ተወለዱ። አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ነው፤ ሌላው ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው ምድር የተወለደው ሌቭ ቪጎትስኪ። ለመሆኑ እነዚህን ሰዎች ከጫጫ ጋር ምን አገናኛቸው? የሚያገናኛቸው በ«ኦ» ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

ፒያዤ ገና ልጅ ሳለ፣ በ1907 (እ.ኤ.አ.)፣ ስላየው አንድ ነጭ ድንቢጥ አጭር ጽሑፍ አሳትሟል። ካደገ በኋላ ደግሞ ዓይኑን ከወፍ ወደ ልጅ መለሰ፤ የገዛ ሦስት ልጆቹን ሳይቀር እያጫወተ አጥንቷል። ዘዴው እኛም ቤት ሊሞከር ይችላል። በሁለት እኩል ጣሳ እኩል ውኃ ይቀዳና ልጁ እኩል መሆናቸውን ይመሰክራል። ከዚያ ዓይኑ እያየ የአንዱ ውኃ ወደ ቀጭን ረጅም ጠርሙስ ይገለበጣል። የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ «የጠርሙሱ ይበልጣል» ይላል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይኸው ልጅ በጥያቄው ይስቃል። ፒያዤ ከዚህና ከመሰሎቹ የተረዳው፣ ልጅ ዕውቀትን እንደ እንስራ ተቀምጦ የሚሞላ ሳይሆን እየነካ፣ እየገመተ፣ እየተሳሳተ ራሱ የሚገነባ መሆኑን ነው። በ37 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተው ቪጎትስኪ በበኩሉ ልጁ ብቻውን አይገነባም አለ፤ ዛሬ በሰው እርዳታ የሚሠራውን ነገ ብቻውን ይሠራዋልና። ፈረንጆች «ኮንስትራክቲቪዝም» የሚሉት የትምህርት አስተሳሰብ ዋና ምሰሶዎቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

መቼም እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ የቄስ ትምህርት ቤታችንን መውቀስ ይቀናናል። ሀሁ፣ አቡጊዳ፣ ዳዊት እየተባለ በጩኸት መደገም ብቻ ነበር እንላለን። ግማሹ እውነት ነው። ይሁንና በዚያው ጥላ ሥር ትልቁ ልጅ ትንሹን ፊደል ሲያስቆጥር ኖሯል፤ ቪጎትስኪ ቢያየው ደስ የሚለው ነገር ነው። ከፍ ብለን ቅኔ ቤት ስንገባ ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ተማሪው ባለ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ለመቁጠር ብቻውን ገለል ብሎ ያስባል፤ አስቦም ለመምህሩ ያቀርባል፤ ይታረማል። ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ደግሞ ቢያመጣ ማን ይሰማዋል? አዲስ መፍጠር አለበት። እንግዲህ ዕውቀትን በራስ መገንባት ለኛ እንግዳ አልነበረም፤ ያስቀመጥነው ግን ከመሰላሉ ጫፍ ላይ፣ ለጎልማሳ ተማሪ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ከንባብ ቤት ጩኸቱን ወሰደ፤ ቅኔ ቤትን ግን ረሳ። ምክንያት አልነበረውም ማለት አይደለም። በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራኑ ግብፃውያን፣ ዋና ትምህርቱም የውጭ ቋንቋ ነበር። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ እስኪሆን 1950ዎቹ ዓ.ም. መድረስ ነበረባቸው። በማይገባው ቋንቋ የሚማር ልጅ ከመሸምደድ ሌላ ምን መውጫ አለው?

እኔ በአማርኛ ነው የተማርኩት። ሆኖም ሳይንስ ሲደርስ በአንድ ድምፅ «ውኃ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም» እንል ነበር። ክረምት ከወንዝ የሚቀዳው ውኃ እንደ ጠላ ደፍርሶ፣ በወይራ የታጠነው እንስራ ውኃችንን አሽትቶና አጣፍጦት ሳለ ማለት ነው። «የኛ ቤት ውኃ ግን ይሸታል» ያለ ልጅ አላስታውስም። ጉዳቱ ይህ ይመስለኛል። ልጁ ስለ ውኃ ያላወቀው ቀስ ብሎ ይደርስበታል፤ አፍንጫውን አለማመንን ከተማረ ግን ለመመለስ ያስቸግራል።

በወረቀት ላይ ነገሩ ከተለወጠ ቆይቷል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ዓላማው አደረገ፤ በታችኞቹ ክፍሎችም የአካባቢ ሳይንስ ገባ። በ2002 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ «ኦ» ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ጫጫ ላይ ሻይ እየጠጣን ያነጋገርኳት አንዲት መምህርት ይህን ሁሉ ስዘረዝርላት በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «ወንድሜ፣ ፖሊሲውማ ጥሩ ነው። ይህን ሁሉ ልጅ ይዤ በምን ዕቃ ላስነካቸው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ መልስ የፈለገለትም አለ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ ፕሮግራም የሚባል ሥራ በበርካታ የአህጉራችን አገሮች ተጀምሮ ነበር። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ አልነበረም፤ ዘር፣ አሸዋ፣ ደቃቅ አፈር ውስጥ ጉድጓድ ሠርታ ጉንዳን የምታጠምደው ትል ሳትቀር የትምህርት መሣሪያ ሆናለች። የፒያዤ ተማሪ የነበረችው ኤሊኖር ዳክዎርዝ የኬንያውን ስትመዝን ለልጆቹ ፈተና አላወጣችም። ልዩ ልዩ ዕቃ ሰጥታ ያሻቸውን እንዲያደርጉ ተወቻቸውና ምን ያህል ዓይነት ሥራ እንደፈጠሩ ተመለከተች። በፕሮግራሙ ያለፉት ልጆች ብዙ ዓይነትና ውስብስብ ነገር ሲሠሩ አገኘቻቸው።

ተቃዋሚም አለ። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀማሪን ያለ መሪ መልቀቅ ብዙ አያስተምርም ሲሉ ሞግተዋል። ልጅን ዕቃ ሰጥቶ ዞር ማለት ማስተማር ከሆነ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። መምህሯ ጥያቄውን መምረጥ አለባት፤ መልሱን ደግሞ ቶሎ አለመናገር። ይኸኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ጫጫ ደግሞ ለዚህ የታደለች ናት። ኅዳር ላይ ውርጭ በጠናበት ሌሊት ሳህን ውኃ ደጅ ማሳደር፣ ጠዋት ያገኙትን በረዶ መዳፍ ላይ ማሟሟት ነው። ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። ገብሱም አለ። እናቱ ብቅል ስታበቅል ያላየ የጫጫ ልጅ ይገኛል ብዬ አልገምትም፤ ገብሱ ሲዘፈዘፍ፣ በቅጠል ሲሸፈን፣ ነጭ ሥር ሲያወጣ አይቷል። መምህሯ ሦስት ጣሳ ታሰልፍ። በአንደኛው ደረቅ ገብስ፣ በሁለተኛው የተዘፈዘፈ፣ በሦስተኛው ንፍሮ ይሁን። «ንፍሮ ይበቅላል?» ብላ ትጠይቅና እጅ ታስወጣ። ገሚሱ ይበቅላል ይላል፤ ሌላው ይስቃል። እሷ ዝም ትበል። ጣሳዎቹ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ክርክር ቅዳሜና እሑድ ማን መጥቶ ውኃ ያርከፍክፍላቸው የሚለው ነው።