ብስክሌት ለመግዛት የተነሣህ ሆይ

እስቲ ቁጭ በል። ገንዘቡን ከኪስህ ሳታወጣ ይህን ስማኝ። ትሪያትሎን ልጀምር ብለሃል አሉ፤ ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ፣ ሦስቱንም ሳያርፉ በአንድ ጠዋት። ለሩጫው ጫማ ይበቃሃል፤ ለዋናው ቁምጣና የዋና መነጽር። ኪስ የሚያራቁተው መሐለኛው ነው። እንግዲህ ወሬዬም እሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በሃዋይ፣ ኦዋሁ በምትባለው ደሴት፣ ከአንድ የዱላ ቅብብል ሩጫ በኋላ ሽልማት ሲሰጥ ሯጮቹና ዋናተኞቹ «የበረታነው እኛ ነን» ተባባሉ። እዚያው የነበረ ጆን ኮሊንስ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ክርክሩ ላይ ሦስተኛ ወገን ጨመረበት። ኦክስጅን በመሳብ ቤልጂጋዊውን ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስን የሚስተካከል እንደሌለ አንብቤያለሁ ብሎ ብስክሌተኞችን አስገባ። በዚህም አላበቃ፤ በደሴቲቱ ላይ ለየብቻ ይካሄዱ የነበሩ ሦስት ውድድሮችን አንድ ላይ ሰፋቸው፦ ወደ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በላዩ ላይ ሙሉ ማራቶን። ቀድሞ የጨረሰ «የብረት ሰው» ይባል ተባለ።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978 አሥራ አምስት ሰዎች ተነሡ፤ አሥራ ሁለቱ ጨረሱ። ከብስክሌት ወርዶ ሩጫውን ሲጀምር የሚመራው ጆን ደንባር የተባለ የባሕር ኃይል ኮማንዶ ነበር። ማራቶኑ ላይ ረዳቶቹ ውኃ አለቀባቸውና ምን ቢሰጡት ጥሩ ነው? ቢራ! ጎርደን ሃለር ደርሶ አለፈው፤ በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ገባ። የመጀመሪያው የብረት ሰው እሱ ነው።

አሁን ልብ በል። እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ መንገድ ሲነዱ ለትሪያትሎን ተብሎ የተሠራ ብስክሌት በዓለም ላይ ገና አልነበረም። ያ ዛሬ ሱቅ ውስጥ አይተህ ልብህ የቆመለት፣ ሁለት ቀንድ ወደ ፊት ያወጣው ብስክሌት የመጣው አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ቀንዱን ያሰበው ቡን ሌነን የተባለ የአሜሪካ የበረዶ ሸርተቴ አሠልጣኝ ነው፤ ሸርተቴ ተጫዋቾች ነፋስ ለመቅደድ እጃቸውን ወደ ፊት ሰብስበው እንደሚያጎነብሱት ብስክሌተኛውንም አስጎነበሰው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳን ኤምፕፊልድ ኮርቻውን ወደ ፊት አስጠግቶ፣ ለዚሁ ስፖርት ብቻ የሚሆን ብስክሌት ለገበያ አቀረበ።

የቀንዱን ጉልበት ዓለም ያየው በ1989፣ ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው የብስክሌት ውድድር ነው። በመጨረሻው ቀን ግሬግ ለሞንድ ከሎረን ፊኞን 50 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። የቀረው ከቬርሳይ እስከ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር ብቻ። ለሞንድ ቀንዱን ይዞ ተኛበት፤ ፊኞን በተለመደው መሪ፣ ጸጉሩን ከኋላ አስሮ፣ ራሱን ገልጦ ነዳ። ሃምሳው ሰከንድ ተበልቶ ሌላ ስምንት ተረፈ። ቱሩ በ8 ሰከንድ ተለየ! ከዚያ ወዲያ ቀንድ ያላለ ማን አለ?

አንተ ግን ለሞንድ አይደለህም፤ አትቀየመኝ። ቀንዱን ስትይዝ እጅህ ከፍሬኑ ይርቃል። ገና መታጠፍ ለሚማር ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ደግሞ ሕጉም አለ። የአንዳንዱ ውድድር ሕግ ከሌላው ኋላ ተጠልሎ መንዳትን ይፈቅዳል፤ እዚያ የትሪያትሎን ብስክሌት ይዘህ ብትመጣ አትሰለፍም። የሚከለክለው ዘንድ ደግሞ ተራው የኮርስ ብስክሌት ማንም አይመልሰውም። እኛ ቤት የምናውቀው ኮርስ፣ ያ መሪው ወደ ታች የተጠቀለለው፣ ሁለቱም በር ይከፈትለታል። ቀንዱን ሲያምርህ በኋላ በብሎን ታስርበታለህ። ስለዚህ የኔ ፍርድ ኮርስ ነው፤ ያውም አዲስ ባይሆን።

ቀለሙን ተወውና ልኩን እይ። የሌላ ሰው ጫማ አድርገህ ማራቶን እንደማትሮጠው ሁሉ ፍሬሙ የማይሆንህን ብስክሌት በነጻም ቢሰጡህ አትውሰድ። ግድግዳ ተደግፈህ ኮርቻው ላይ ውጣ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግና እስከ ታች ድረስ ግፋው፤ እግርህ እዚያ ላይ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ የእግርህን ፊት ፔዳሉ ላይ ስታደርግ ጉልበትህ በጥቂቱ ይታጠፋል፤ ቁመቱ ያ ነው። ዳሌህ ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ኮርቻው ረዝሟል። ከፍታው በአንድ ቁልፍ ይስተካከላል፤ ከኮርቻ እስከ መሪ ያለው ርቀት ግን እንዲህ በቀላሉ አይታዘዝህም። መሪውን ለመያዝ ክንድህ ተወጥሮ ትከሻህ ጆሮህ ጋ ከደረሰ፣ ሻጩ የፈለገውን ይማል፣ አመስግነህ ውጣ።

አሮጌ ከሆነ ገልብጠህ አቁመውና የኋላውን ጎማ አሽከርክር። ዓይንህን ቸርኬው በፍሬኑ ጎማዎች መካከል በሚያልፍበት ክፍተት ላይ ትከል። ክፍተቱ አንዴ ሲጠብ አንዴ ሲሰፋ ካየህ ቸርኬው ጠሟል፤ ይቃናል፣ ዋጋው ላይ ግን ተከራከርበት። ካቴናውን ከፊተኛው ጥርስ ላይ በጣትህ ሳብ፤ ከጥርሱ ብዙ ከተነሣልህ አልቋል። ፍሬሙ ካርቦን ከሆነ ስንጥቅ ፈልግ፤ ስንጥቅ ካለ ርካሽነቱ አያታልልህ። አሉሚኒየም ለጀማሪ አያሳፍርም።

አዲስ አበባ የምትኖር ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ታውቀዋለህ። እዚያ ላይ ቀንድ ምንም አያደርግልህም፤ የሚያወጣህ ከኋላ ትልቅ ጥርስ ያለው ማርሽ ነው። ለአስፋልቱ ጉድጓድ ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ሰፋ ያለ ጎማ የሚቀበል ፍሬም ምረጥ። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላለኸው ዳገቱ አያሰጋህም፤ ሐይቁም ደጅህ ነው።

ካሰብከው ገንዘብ ሁሉንም ብስክሌቱ ላይ አትጨርስ። ለሄልሜት፣ ለትርፍ ከነመዳሪ፣ ለጎማ መንፊያ አስቀር፤ ከነመዳሪ መቀየርንም ቤትህ ቁጭ ብለህ ተለማመድ፤ መንገድ ላይ የሚቀይርልህ የለም። የሄልሜትህን ማሰሪያ ሳትቆልፍ ብስክሌቱን ከማቆሚያው ብታነሣ ዳኛው ይቀጣሃል፤ የመሪው ጫፍ ክዳን ከወለቀም አያስገቡህም። አጭሩ ውድድር 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው፤ በእሱ ጀምር። በል፣ አሁን ሂድና ግዛ።